እህት ትምህርት ቤት ከየት ይምጣ? ለወሎ መምህራንና ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

ደሴም ሆነ መርሳ፣ ኮምቦልቻም ሆነ መካነ ሰላም፣ «ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ጋር እህትማማች እንሁን» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ስብሰባው ሞቅ ይላል። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣና «ለመሆኑ ምን ይሰጡናል?» ይላል።

አይፈረድበትም። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወንበር፣ መጽሐፍ፣ ላብራቶሪ ሳይቀር። የጎደለው ብዙ ነው። ግን ምርጫው ከዚህ ጥያቄ ከጀመረ ግንኙነቱ ዓመት አይሞላም ባይ ነኝ። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። ልጆቻችሁ ከእነዚያ ልጆች ጋር በየሁለት ሳምንቱ፣ ያለ ማንም ድጎማ፣ ምን አብረው ሊሠሩ ይችላሉ? ለዚህ መልስ ያለው አጋር ሀብታምም ይሁን ድሃ ጥሩ አጋር ነው። መልስ የሌለው ኮንቴይነር ቢልክም አይዘልቅም።

ድጋፍ ወይስ የክፍል ሥራ?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ግን በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

የምትፈልጉት ተጨማሪ ክፍል ማስገንባት ከሆነ እህት ትምህርት ቤት አትፈልጉ። ልጆች ኬክ ሸጠው በሚሰበስቡት ገንዘብ ብሎክ አይቆምም። ለእሱ ሥራቸው የሆኑ ድርጅቶች አሉ። «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ደቡብ ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) እና የአካባቢው ተወላጆች የሚሄዱበት መንገድም አለ። ጥያቄያችሁን ወደዚያ ውሰዱት።

የድጋፍ ግንኙነት ሌላም ጣጣ አለው። ሰጪና ተቀባይ ከተለየ በኋላ ልጆች እኩል ማውራት ያቅታቸዋል። የእኛዎቹ «እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ በገፍ ይጽፋሉ። የዚያኛዎቹ ደግሞ ስለ እኛ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ችግራችንን። ወሎ ደግሞ በዚህ በኩል ከሌላው ይብሳል። በ1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ ምስል ዓለምን ዞሯል። ዛሬም በአውሮፓ ያለ የሃምሳና የስልሳ ዓመት መምህር ወሎ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ያንን ምስል የሚቀይረው ሌላ የእርዳታ ደብዳቤ አይደለም። የእናንተ ልጅ የእሱን ተማሪ አንድ ነገር ሲያስተምር ነው።

ዕቃ ይምጣ ከተባለም ምን እንደሚመጣ ጠይቁ። አንድ የማውቀው ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ከአሜሪካ የመጡ ፕሪንተሮች ተደርድረዋል። የእነሱ አገር መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛ 220። የመጀመሪያው ተሰክቶ ጭሱ ወጣ። ሌሎቹን ማንም ደፍሮ አልነካቸውም። ቀለማቸውም ደሴ ገበያ ላይ አይገኝም። ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም ቢሆኑ የመላኪያቸው ዋጋ እዚህ አዲስ ሊያስገዛ ይችላል። ጉምሩክም አለ። ለትምህርት ቤት የመጣ ስጦታ ስለሆነ ብቻ በሩ ወለል ብሎ አይከፈትም፤ ደብዳቤው ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ዕቃና ያለ ገንዘብ ጀምሩ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ አጋራችሁ «ምን እናግዝ?» ካለ አብሽሩ፣ ያኔ መነጋገር ይቻላል። ያኔ ሰዎቹ ያውቋችኋል፤ እናንተም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

አገር ማወዳደር

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ እንግሊዝ፣ ጀርመንና አሜሪካ ነው የሚያየው። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ብቸኛው አይደለም፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶችም የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም።

እንግሊዝና ጀርመን ትልቁ ጥቅማቸው የትምህርት ዘመኑ መገጣጠሙ ነው። እንግሊዝ አገር በመስከረም ይጀምራሉ፤ በሐምሌ ይዘጋሉ። በጀርመን 16ቱ ክልሎች የዓመቱ መጨረሻ ረጅም ዕረፍታቸውን በየተራ ስለሚወስዱ የአጋራችሁን ክልል ቀን ለይታችሁ ጠይቁ። ሰዓቱም ይሆናል። በብርዱ ወራት ለንደን ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሲል እኛ ጋ ስድስት ሰዓት ነው። በመጋቢት መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ሲገፉት የእኛ አምስት ሰዓት ይሆናል። ይቺ የአንድ ሰዓት ለውጥ ብዙ የቪዲዮ ቀጠሮ አበላሽታለች። ጀርመን ከለንደን አንድ ሰዓት ስለሚቀድም በብርዱ ጊዜ የእነሱ ዘጠኝ የእኛ አምስት ነው፤ ከመጋቢት በኋላ አራት። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ይደርስበታል።

አሜሪካ ላይ ሰዓቱ ይከብዳል። ዋሽንግተን ላይ ልጆች በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ ክፍል ሲገቡ የእኛዎቹ ወደ ቤት የሚሄዱበት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት። የአሜሪካ አጋር ከያዛችሁ በቀጥታ መገናኘቱን እርሱት፤ በመልእክት ብቻ ይሁን። በእርግጥ ታሪክ አለን። የሰላም ጓድ (ፒስ ኮርፕስ) በጎ ፈቃደኛ መምህራን በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገብተው በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል። ዛሬ ጡረታ የወጡት እነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያን አልረሱም። ትምህርት ቤታችሁ የቆየ ከሆነና ያኔ ያስተማረ ሰው ካለ፣ እሱ በር ከፋች ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ኬንያን እንውሰድ። ሰዓታችን አንድ ነው። እንዲያውም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብትሉት የኬንያ ልጅ ግራ አይገባውም። የለንደኑ ልጅ ግን በሌሊት የምትጠሩት ይመስለዋል። እንግሊዝኛ ለኬንያዊውም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ሲሳሳት አይሸማቀቅም። መምህራኑም ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ያወራሉ፤ የተማሪ ብዛት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የሚቋረጥ መብራት። ቪዛ ደግሞ የለም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያለው ሰው ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል።

ችግሩ የትምህርት ዘመኑ ነው። ኬንያ በጥር ጀምራ በጥቅምት ወይም በኅዳር ትዘጋለች። የእናንተ ሰባተኛ ክፍል ከእነሱ ጋር በጥቅምት ተዋውቆ በጥር ሲመለስ፣ ያኛዎቹ ክፍል ቀይረዋል፤ መምህራቸውም ምናልባት ተቀይሯል። ስለዚህ ከኬንያ ጋር ከሆነ ሥራውን ከጥር እስከ ግንቦት አድርጉት። በሚያዝያ የእነሱ ዕረፍት አለ፤ የእኛ ፋሲካም እዚያው አካባቢ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ተማሪዎቹ ስልክ መያዝ አይፈቀድላቸውም፤ ሁሉም ነገር በመምህሩ በኩል ነው። ይሄ እንዲያውም ለእኛ ይመቻል።

ከሚሴና አካባቢዋ ላሉ፣ በአፋን ኦሮሞ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢትና ሞያሌ በኩል፣ ቦረናዎች ቋንቋውን ይናገሩታል። ሁለት የተለያየ አገር ያሉ ልጆች በአፍ መፍቻቸው ሊያወሩ የሚችሉበት ዕድል እምብዛም አይገኝም።

የትምህርት ዘመኑን መግጠም ለሚፈልግ ሩዋንዳም አለች። አሁን በመስከረም አካባቢ ነው የምትጀምረው፤ ማስተማሪያዋም እንግሊዝኛ ነው። ጅቡቲ ለእኛ በመንገድ ቅርብ ናት፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ነው የሚኬደው። ግን ትምህርቱ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ አረብኛም የአገሩ የሥራ ቋንቋ ነው። አረብኛ የሚያስተምር መምህር ካላችሁ ሊሞከር ይችላል።

ማንም የማያስበው አንድ አማራጭ አለ፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው። ሳውዲ። ወሎ ውስጥ ጅዳ ወይም ሪያድ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? በሁለቱም ከተሞች የኢትዮጵያ ኮሙዩኒቲ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ የሚማሩት የእኛው ልጆች ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፤ አገራቸውን ግን ብዙዎቹ በስልክ ነው የሚያውቁት። የሰዓት ልዩነት የለም። አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር የሳምንቱ ቀን ነው። እዚያ ዕረፍቱ አርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ይማራሉ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ብቻ ነው የምትገናኙት። ረመዳን ላይም የትምህርት ሰዓት ስለሚቀያየር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እንግሊዝኛ ለማሻሻል ከሆነ ይሄ አይጠቅማችሁም። ለመጀመሪያ ልምምድ፣ በተለይ ከአምስተኛ ክፍል በታች ላሉ ልጆች፣ ከዚህ የሚቀል ግን አላውቅም።

ጃፓንና ሩቅ ምሥራቅ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ጃፓን በሚያዝያ ነው የምትጀምረው። የሚገጥመው ሰዓት የእኛ ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል ያለው ነው፤ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ማለቂያ። የሙዚቃ ክበብ ካላችሁ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በማን በኩል?

ሦስት መንገድ አለ፤ በድርጅት፣ በሰው፣ በራስ።

በድርጅት በኩል ስትሄዱ ሥርዓት አለው። የልጆች ደህንነት ደንብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ አጋሩም የተጣራ ነው። ዩኔስኮ በ1953 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ከ180 በላይ አገሮች ውስጥ ከ12,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት። መግቢያው አገር ውስጥ ባለው የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ነው። ስሙ ከባድ ነው፤ ሂደቱም ረጅም ነው። አጋር ቆንጥሮ አይሰጣችሁም፤ መረቡ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። አይ-ኧርን የሚባለው ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የመምህራን መረብ ነው። እዚያ አገር ከመምረጥ በፊት ፕሮጀክት ይመረጣል። ለምሳሌ ሁለት ክፍሎች የአሻንጉሊት ድብ ተለዋውጠው ድቧ በየአገሩ የምታየውን ልጆች የሚጽፉበት ፕሮጀክት አለ። ለታችኛው ክፍል ደስ ይላል። ሊንክ ኢትዮጵያ የሚባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ከጎንደር ተነስቶ የኢትዮጵያንና የእንግሊዝን ትምህርት ቤቶች ሲያገናኝ የቆየ ነው። ጀርመን አገር ኤንሳ የሚባል የትምህርት ቤቶች ሽርክና ፕሮግራም አለ። ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን የጀርመኑ ወገን ነው። ስለዚህ ጀርመናዊ አጋር ካገኛችሁ ስሙን ጣል አድርጉለት። ኢትዊኒንግ የሚባለውን የአውሮፓ መድረክ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የድርጅት ችግሩ ማለቁ ነው። ፕሮግራም ዘመን አለው። የብሪቲሽ ካውንስሉ «ኮኔክቲንግ ክላስሩምስ» ስንቱን ትምህርት ቤት አገናኝቶ፣ ዘመኑ ሲያልቅ አለቀ። ዩኤስኤይድ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ስንት ፕሮጀክት መሃል ላይ እንደቆመ ሁላችንም አይተናል። ፕሮግራም ውስጥ ከገባችሁ በመጀመሪያው ወር የአጋራችሁን መምህር የግል ኢሜይል ያዙ።

በሰው በኩል ማለት በዳያስፖራው በኩል ማለት ነው። የወሎ ልጅ የሆነ፣ ልጁን ስቶክሆልም ወይም ሲያትል የሚያስተምር ሰው «የልጄን ትምህርት ቤት አናግርላችኋለሁ» ይላል። በጣም ፈጣኑ መንገድ ይሄ ነው። እምነት ከመጀመሪያው አለ። ግን ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ግንኙነቱም አብሮ ይሄዳል። ሰውዬው የድሮ ትምህርት ቤቱን ስለሚወድ ቶሎ ወደ መዋጮና ዕቃ ማዞርም ይቀናዋል። ክፉ አስቦ አይደለም። የእሱን ድርሻ ማስተዋወቅ ላይ አቁሙት፤ ከዚያ በኋላ መምህር ከመምህር ያውራ።

በራስ መፈለግ አድካሚ ነው። አሥር ኢሜይል ትልካላችሁ፤ አንዱ ቢመልስ ነው። ግን የመለሰው መምህር የምር ነው። ከሦስቱ ምረጥ ብባል በሰው በኩል ጀምሬ በራሴ እቀጥላለሁ። ድርጅቱን ለሁለተኛው ዓመት አስቀምጠዋለሁ።

ደብዳቤ፣ ቴሌግራም፣ ቪዲዮ፣ ጉብኝት

ቪዲዮ ሁሉም የሚመኘው ነው። ሲሆን ደግሞ እንዲህ ነው፤ ስልሳ ልጅ፣ አንድ የመምህር ስልክ። የፊተኛው ረድፍ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ የኋላዎቹ ወንበር ላይ ይቆማሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ «ስምህ ማነው?» ይላል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። አርባ ሰው «ምን አለ?» ይላል። ከዚያ ኔት ይሄዳል። መምህሩ «እናንተ ጩኸታችሁ ነው!» ብሎ ይቆጣል።

ቪዲዮ ይቅር አልልም። በስድስት ልጆች አድርጉት። ስድስቱ የክፍሉን ጥያቄ ይዘው ይገቡና ሲወጡ ለሌላው ይናገሩ። ስልኩን ከሚኒ ሚዲያው ስፒከር ጋር አያይዙት፤ ሌላው ተማሪ በረድፉ ሆኖ ይሰማል። ፓኬጅ ቀድሞ ይገዛ። ደግሞም በቀጥታ ከመገናኘት ይልቅ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም መላክ አሥር እጥፍ ይሻላል። መብራት ሲመጣ ይላካል፤ ኔት ሲኖር ይወርዳል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። በቀጥታ ቪዲዮ ላይ ብቻ የቆመ ግንኙነት ያኔ ሞቷል።

ደብዳቤ ቀርፋፋ ነው። ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ግን እኔ ደብዳቤን አስበልጣለሁ። ልጅ በእጁ የያዘው፣ ቤቱ ወስዶ ለእናቱ የሚያሳየው፣ የባዕድ አገር ቴምብር ያለበት ወረቀት ሌላ ነገር ነው። ቀስ ብሎ ያነበዋል፤ መዝገበ ቃላት ያያል፤ ይመልሳል። መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኑረው። እኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አይደርስም። ሃምሳውን ደብዳቤ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ላኩ፤ ይረክሳል።

ደብዳቤ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ትርምስ ይፈጥራል። በ2006 የተወለደ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «በ2006 ተወለድኩ» ብሎ ይጽፋል። አንባቢው በራሱ ካሌንደር ሲያሰላው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሆንበታል። ልጆቹ ዕድሜያቸውን በቁጥር ይጻፉ፤ ቀኑን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር። ይሄንኑ የመጀመሪያ ትምህርት አድርጉት። 13 ወር ያላት አገር ማለት ለማንኛውም የውጭ ክፍል የሁለት ሳምንት ወሬ ነው።

ጉብኝት ላይ አልቆይም። ለብዙ የወሎ ትምህርት ቤት ከሦስተኛው ዓመት በፊት አይታሰብ። ለሚያስብ ግን ሁለት ነገር ይወቅ። ለትምህርት ጉዳይ የሚጓዙ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን የሼንገን ቪዛ ክፍያ አይከፍሉም፤ ለሌላው አዋቂ 90 ዩሮ ነው። ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማየት ጊዜውን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ለግንቦት ጉዞ በሚያዝያ ማመልከት ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያ ጉዞ ናይሮቢ ይበጃል።

አብሮ የሚሠራ ነገር

እዚህ ላይ ወሎ ሀብታም ነው። ስለ ባህላችን እንንገራቸው ብሎ ቡና ማፍላትና ጭፈራ መቅረጽ የሁሉም ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ማንም አያየውም። ሁለቱም ወገን የሚሠሩት፣ ውጤቱ የሚነጻጸር ነገር ይሻላል።

በጣም የምመክረው ዝናብ መለካት ነው። ወጪው ዜሮ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ጋ ይቆረጣል። የተቆረጠው ተገልብጦ እንደ ማጥለያ አናቱ ላይ ይቀመጣል። ንፋስ እንዳይጥለው ሥሩ ላይ ጠጠር ይደረጋል፤ ጠጠሩንና የጠርሙሱን ጎርባጣ መቀመጫ የሚሸፍን ውኃ ይሞላል። እዚያ ላይ የማስመሪያ ዜሮ ይለጠፋል። በየጠዋቱ ሰልፍ ከመግባቱ በፊት ተረኛው ልጅ በሚሊ ሜትር ያነባል፤ ይመዘግባል፤ ውኃውን እስከ ዜሮው ይደፋል። የእኛ ደጋ በበልግ ይኖራል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት። የኬንያ ዋናው ዝናብም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለቱ ክፍሎች በየአርቡ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ከተሞች አንድ የውጭ አጋር ቢይዙ ንጽጽሩ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የገበሬ ልጅ ደግሞ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከመምህሩ በላይ ያውቃል። «በልጉ ዘንድሮ ዘገየ» የሚለውን የአባቱን ወሬ በግራፍ ያየዋል።

ታሪክ ለሚወድ መምህር ውጫሌ አለች። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት መንደር እዚሁ አምባሰል ውስጥ ናት። የጣሊያን ትምህርት ቤት አጋር ብታገኙ፣ የእናንተ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ውጫሌና ስለ አድዋ የሚለውንና የእነሱ የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ገጹ ስንት ነው? ማን ተጠቅሷል? ማን አልተጠቀሰም? ለአሥራ አንደኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ የታሪክ ልምምድ አይኖርም። የሚያጋጭ መስሎ የሚታየው ላዩን ነው፤ ሁለቱ መምህራን ቀድመው ከተነጋገሩ ክርክሩ ጨዋ ይሆናል።

ሙዚቃ ደግሞ አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም የእኛው አገር ስም ነው። አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የጃፓን የጥንት ዜማዎችም ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። አንድ የማሲንቆ ቅጂ ላኩላቸውና በራሳቸው መሣሪያ እንዲሞክሩት ጠይቁ። መንዙማ የሚያውቅ ልጅ ካላችሁም ይግባበት። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መኖራቸው ለእኛ ወሬ አይደለም፤ ለአጋሮቻችሁ ግን ብዙ የሚያስጠይቅ ነው። አታስረዱ፤ ልጆቹ ስለ ጎረቤቶቻቸው ዒድና ገና ይጻፉ፤ ይበቃል።

ከመፈረም በፊት

የመግባቢያ ሰነዱ አንድ ገጽ ይሁን። ወረዳው እንዲያውቀው አድርጉ፤ ርዕሰ መምህሩ ይፈርም። ማኅተምና ፊርማ ግን ግንኙነት አያቆሙም። ከሁሉ የሚበልጠው በየወገኑ የሁለት መምህራን ስም መኖሩ ነው። አንድ ብቻ አይደለም። መምህር ይዛወራል፤ ርዕሰ መምህር ይቀየራል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻውን የያዘው ግንኙነት ዝውውሩ በወጣበት ቀን አበቃለት። ጊዜውም ይወሰን፤ ለአንድ ዓመት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የአምስት ዓመት ውል በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈርም ሰው እኔን ያስፈራኛል።

የልጆች ነገር ላይ ቀልድ የለም። የአባት ስም፣ የቤት አድራሻ፣ የልጅ ስልክ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ፖስታ ይመጣል፤ የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ መምህራን ብቻ ይኑሩ። ፎቶ የሚላከው ወላጅ ሲፈቅድ ነው። ከውጭ ያለ ትልቅ ሰው ለአንድ ልጅ ለብቻው ስጦታ ወይም ገንዘብ ልላክ ካለ በጨዋነት እምቢ በሉ። ከስልሳው ልጅ አንዱ ጫማ ሲያገኝ ሃምሳ ዘጠኙ ምን እንደሚሰማቸው መምህር ታውቃላችሁ። ገንዘብ ከመጣ በትምህርት ቤቱ ሂሳብ ይግባ፤ ወመህ ይወቀው፤ ደረሰኙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

የመጀመሪያው ኢሜይል አጭር ይሁን። የት እንዳላችሁ፣ ስንተኛ ክፍል፣ ስንት ልጅ፣ በምን ቋንቋ፣ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ፣ በየስንት ጊዜው። «ዝናብ እንለካለን፤ በየአርቡ ቁጥር እንልካለን፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው» የሚል መስመር ካለበት የሚመልስ ሰው ይገኛል። የእርዳታ ዝርዝር አታያይዙ። ለአውሮፓ ከሆነ በመስከረም መጨረሻ ላኩት፤ የእነሱም ግርግር ያኔ ሰከን ይላል። ለኬንያ በጥር አጋማሽ። በሰኔ የተላከ ኢሜይል ፈተናና ክረምት ይውጠዋል።

በሦስት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።